ባለ 3.0ው ፔንቲየም በባለ 1.86ቱ ለምን ተበለጠ?

ጥያቄው የመጣው እዚሁ ድሬዳዋ ካለው ከሳቢያን ሰፈር ነው። አንዲት እህታችን የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ልትከፍት ሁለት ያገለገሉ ዴስክቶፖች ገዛችና እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦

«ጋሼ፣ አንዱ ፔንቲየም 4 ነው፣ 3.0 ጊጋኸርዝ ይላል። ሌላው ኮር 2 ዱዎ ነው፣ 1.86 ብቻ። የሻጩ ወረቀት ላይ የመጀመሪያው 530፣ ሁለተኛው ኢ6300 ተብለዋል። ሻጩ ባለ 3.0ው ይበልጣል ብሎ ብር ጨመረብኝ። ሁለቱም ላይ ዊንዶውስ 7 ነው፣ ፓወር ግዕዝም ጭኛለሁ፣ ሚሞሪያቸው እኩል ነው። ግን ባለ 1.86ቱ ጥሎት ይሄዳል። ያኛው ደግሞ ከስድስት ሰዓት በኋላ ጭራሽ ይደነዝዛል፣ አንዳንዴ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ተታልዬ ነው? ቁጥሩ ውሸት ነው?»

ቁጥሩ ውሸት አይደለም እህቴ። 3.0 ካለ 3.0 ነው። ሻጩም እያወቀ ያታለለሽ አይመስለኝም፣ እሱ ራሱ የተታለለ ሰው ነው። የዛሬ 20 ዓመት ገደማ ዓለም በሙሉ በዚያ ቁጥር ተታሎ ነበር፣ እኔንም ጨምሮ።

ከስድስት ሰዓት በኋላ ይደነዝዛል ስትዪ ግን ሳቄ መጣ። አቦ፣ የድሬ ልጅ ሆኗላ! ከተማው ሱቁን ዘግቶ ጋደም በሚልበት ሰዓት እሱ ምን ቤት ነው? ቀልዱን ተዪውና፣ መደንዘዙም በ1.86ቱ መበለጡም ምክንያታቸው አንድ ነው፤ እሱም ሙቀት ነው።

አጭሩ መልስ ይኸው፦ ለሥራሽ የምትይዢው ባለ 1.86ቱን ነው። ለምን እንደሆነ ማወቅ ካልፈለግሽ ወደ መጨረሻው ዝለይ፣ ምን እንደምታደርጊ እዚያ አለ። ከፈለግሽ ግን ሻይሽን ይዘሽ ተቀመጪ፣ ትንሽ ይረዝማል። ዓመቱንም ወሩንም ቀኑንም በሙሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥርልሽ።

ፔንቲየም 4ም ኮር 2 ዱዎም የፕሮሰሰር ስሞች ናቸው፤ ፕሮሰሰር ማለት ትዕዛዙን ሁሉ የሚሠራው የኮምፒውተሩ አንጎል ነው። ጊጋኸርዝ የእሱ የምት ቁጥር ነው። 3.0 ማለት በሰከንድ 3 ቢሊዮን ምት። በአንድ ምት ስንት ሥራ እንደሚያልቅ ግን አይነግርሽም። ባጃጅ ሦስቴ ተመላልሶ የሚያመጣውን አይሱዙ በአንዴ ያራግፈዋል፤ የምልልሱን ቁጥር ብቻ ካየሽ ባጃጁ አሸናፊ ነው።

ይሄ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ከመነሻው ጀምሮ የፕሮሰሰር ታሪክ በሁለት መንገድ ነው የሄደው፦ ምቱን በማፍጠንና በአንድ ምት የሚሠራውን በማብዛት። ሁለቱንም ማሽኖችሽን ፕሮሰሰር የሠራላቸው ኢንቴል የተባለው ድርጅት በ1978 8086 የሚባለውን ፕሮሰሰር አወጣ። 29 ሺህ ትራንዚስተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያ ነበረው። ታናሽ ወንድሙ 8088 በ1981 የአይቢኤም ፒሲ ውስጥ ገባ፣ በ4.77 ሜጋኸርዝ (ሜጋኸርዝ በሰከንድ ሚሊዮን ምት ነው)። ጠረጴዛሽ ላይ ያሉት ሁለቱም የዚያ ዘር ናቸው፤ ያኔ የነበረው ትዕዛዝ ዛሬም ይገባቸዋል።

አሁን አንድ ቀላል ትዕዛዝ እንውሰድ፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉ ሁለት ቁጥሮችን መደመር። 8086 ለዚህች 3 ምት ይፈልጋል። በ1982 የመጣው 286 በ2 ምት ጨረሳት። በ1989 የመጣው 486 በ1። በ1993 የመጣው ፔንቲየም ደግሞ ከተመቸው በአንድ ምት ሁለት ይደምራል። ማባዛት ላይ ልዩነቱ ይብሳል፦ 8086 ሁለት ባለ 16 ቢት ቁጥር ለማባዛት ቢያንስ 118 ምት ይወስድበት ነበር፣ 286 ግን በ21 ይጨርሰዋል። ስለዚህ የምቱ ፍጥነት እኩል ቢሆን እንኳ አዲሱ አሮጌውን ጥሎት ይሄዳል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰው የሚያወራው ስለ ሜጋኸርዙ ብቻ ነበር፣ ምክንያቱም አንድ ቁጥር ነው፣ ለማወዳደር ይመቻል፣ ለመሸጥም ይመቻል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላውራሽ። ሥራ ስለምድ በነበረበት ዘመን የ486 ኬዞች ፊታቸው ላይ ትንሽ መስኮት ነበራቸው፣ በአረንጓዴ ወይም በቀይ ፊደል 33 ወይም 66 የምትል። ደንበኛ ገና ሲገባ ዓይኑ እዚያ ላይ ነው። ያ ቁጥር ግን ምንም አይለካም! ከኋላው ጃምፐር የሚባሉ ትንንሽ ማያያዣዎች አሉ፣ እነሱን እያዛወርሽ የፈለግሽውን ቁጥር ትጽፊበታለሽ። እኔ በእነዚህ ጣቶቼ ስንቱን ጽፌያለሁ። 99 ብጽፍበት 99 ነው የሚለው። አጠገቡ ደግሞ ቱርቦ የሚባል ቁልፍ ነበር። ብዙ ሰው የሚያፈጥን ይመስለዋል እንጂ ዋና ጥቅሙ ማዘግየት ነው፤ በ4.77 ዘመን የተጻፉ ጌሞች በአዲሱ ማሽን ላይ እንደ እብድ ስለሚሮጡ እነሱን ለማስታገስ ነው የተሠራው። ያቺ መስኮት ከኬዙ ላይ ጠፋች፣ ከሰው ጭንቅላት ግን አልጠፋችም። ሻጩ «3.0 ነው» ሲልሽ የሚያሳይሽ እሷኑ ነው።

እሺ፣ ወደ ውስጥ እንግባ። በረመዳን ማታ መጋላ ወርደሽ ሳምቡሳ የሚሠሩትን አይተሽ ታውቂያለሽ። አንዲት ሴት ብቻዋን ብትሠራ ሊጡን ትዳምጣለች፣ ትቆርጣለች፣ ምስሩን ትሞላለች፣ ታጥፋለች፣ ትጠብሳለች። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም። አምስት ሆነው ቢሰለፉስ? አንዷ ስትዳምጥ ሌላዋ ትቆርጣለች፣ ሦስተኛዋ ትሞላለች። አንድ ሰው ያጨበጭባል፣ በእያንዳንዱ ጭብጨባ ሁሉም የያዘውን ለቀጣዩ ያቀብላል። አንዱ ሳምቡሳ ተሠርቶ ለማለቅ ያው አምስት ጭብጨባ ነው፣ ግን በየጭብጨባው አንድ ትኩስ ሳምቡሳ ከዘይት ይወጣል። ፓይፕላይን የሚሉት ይሄን ነው፤ ጭብጨባው ያ ምት ነው። 486 በአንድ ምት የደመረው በዚህ ነው፣ የእሱ ሰልፍ አምስት ደረጃ ነበር። የመጀመሪያው ፔንቲየም ደግሞ ጎን ለጎን ሁለት ሰልፍ አሰለፈ።

ጭብጨባው ምን ያህል መፍጠን ይችላል? በሰልፉ ውስጥ ረጅሙን ሥራ የያዘችው ሴት በምትችለው ልክ ነው። እሷ ሳትጨርስ ብታጨበጭቢ ሊጡ ይበላሻል። ስለዚህ ጭብጨባውን ማፍጠን ካማረሽ ሥራውን ትከፋፍይዋለሽ። «ማጠፍ» የነበረውን ለሦስት ሰው ትሰጪያለሽ፦ አንዷ አንዱን ጠርዝ፣ ሌላዋ ሌላውን፣ ሦስተኛዋ ጫፉን በሊጥ ማጣበቅ። የእያንዳንዷ ሥራ አነሰ፣ ጭብጨባው ፈጠነ። እየውልሽ፣ ጊጋኸርዙ ከፍ አለ! በቀን የሚወጣው ሳምቡሳ ግን የግድ በዚያው ልክ ጨመረ ማለት አይደለም።

ለምን? በግምት ምክንያት። ፕሮግራም ቀጥ ያለ መንገድ አይደለም፣ በየመሃሉ «ይህ ከሆነ ወዲህ፣ ካልሆነ ወዲያ» ይላል። ከአምስት ከስድስት ትዕዛዝ አንዱ እንዲህ ነው። ደንበኛው ምስር ይሁን ሥጋ የሚፈልገው ሰልፉ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ነው የሚታወቀው እንበል። ዳማጯ እስከዚያ እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም፣ «የብዙ ሰው ምርጫ ምስር ነው» ብላ ትጀምራለች። ብዙ ጊዜ ትክክል ናት። ስትሳሳት ግን ሰልፉ ላይ ያለው ሁሉ ይጣላል። ሰልፉ አምስት ሰው ከሆነ ኪሳራው ጥቂት ነው። 31 ሰው ከሆነስ? 31 ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም፣ ያንቺ ፔንቲየም 4 ሰልፍ 31 ደረጃ ነው።

እንዴት እዚያ ደረሱ? በ1995 ኢንቴል ፔንቲየም ፕሮ የሚባል አወጣ። እኔ በግሌ ከዚህ ሁሉ ዘር የማከብረው እሱን ነው፣ በጊዜው ግን ውድ ስለነበር እዚህ አካባቢ ያየው ሰው ጥቂት ነው። ትልቁ ፈጠራው ተራ አለመጠበቁ ነው። የሥጋው ቅንጫቢ ገና ከቤት ካልመጣ ሰልፉ አይቆምም፣ የምስሩን ያስቀድማል፣ በመጨረሻ ግን ለደንበኛ ሲያቀርብ ተራውን ጠብቆ ነው። ፔንቲየም 2ም ፔንቲየም 3ም የእሱ ልጆች ናቸው። ሰልፋቸው ወደ 10 ደረጃ ነበር።

ከዚያ ኤኤምዲ መጣ። ድሮ የኢንቴልን እየተከተለ የሚሠራ ድርጅት ነበር፣ በ1999 ግን አትሎንን አወጣና ሰውን አስደነገጠ። መጋቢት 6 ቀን 2000 ባለ 1 ጊጋኸርዙን አትሎን አስተዋወቀ፤ የኢንቴል ባለ 1 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 3 የተከተለው በሁለት ቀን ልዩነት ነው። በዚያው ዓመት ኢንቴል ባለ 1.13 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 3 አውጥቶ፣ በትክክል እየሠራ አይደለም ተብሎ መልሶ ሰበሰበው። አሮጌው ሰልፍ ከዚያ በላይ አልፈጥን ብሎ ነው።

በኅዳር 2000 ፔንቲየም 4 ከተፍ አለ። ሲጀምር 1.4 እና 1.5 ጊጋኸርዝ፣ ሰልፉ 20 ደረጃ። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ግን በብዙ ሥራ ላይ ባለ 1 ጊጋኸርዙን ፔንቲየም 3 በቅጡ መጣል አቃተው፣ አንዳንዱ ላይም ተበለጠ። በፊት የነበረው ሲተካ አዲሱ መዘግየቱ ገበያውን ቅር ማሰኘት ነበረበት፣ ግን ስንቱ ገዢ ነው ሥራ ለክቶ የሚገዛ? ሰው ሜጋኸርዙን አይቶ ገዛ። ኤኤምዲ ምን ያድርግ? በ2001 ፕሮሰሰሮቹን በምታቸው መጥራት ተወና ስም አወጣላቸው፦ አትሎን ኤክስፒ «1800 ፕላስ» የሚባለው እውነተኛ ምቱ 1.53 ጊጋኸርዝ ነው። ያኔ ብዙዎቻችን «ሌቦች» ብለን ሰድበናቸዋል። አሁን ሳስበው እውነቱን ለመናገር የሞከሩት እነሱ ነበሩ።

ለፍትሕ ያህል፣ ፔንቲየም 4ን የነደፉት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ስህተት እንዳይበዛ የግምቱን ብልሃት አሻሽለውታል። በ2002 የመጣው ሁለተኛው ትውልድ ደህና ነበር፣ እሱን አላማውም። ሐሳባቸው ምቱ ያለማቋረጥ እየጨመረ እስከ 10 ጊጋኸርዝ ይሄዳል፣ ሰልፉ ቢረዝምም ጭብጨባው ያካክሰዋል የሚል ነው። በየካቲት 2004 ፕሬስኮት የተባለው ሦስተኛው ትውልድ ወጣ። ያንቺ 530 ከእሱ ወገን ነው። ትራንዚስተሩ 125 ሚሊዮን፣ ሰልፉ 31፣ አሠራሩ በ90 ናኖሜትር፣ ይህ የትራንዚስተሩ ትንሽነት መለኪያ ነው። ለ10 ጊጋኸርዝ የታሰበ እግር ማለት ነው። ታዲያ 3.8 ላይ ቆመ። በቃ፣ ከዚያ አላለፈም።

ያቆመው ሙቀት ነው። በ1974 ሮበርት ዴናርድ የተባለ የአይቢኤም መሐንዲስና ባልደረቦቹ አንድ ደስ የሚል ሕግ ጽፈው ነበር፦ ትራንዚስተሩ ሲያንስ ቮልቴጁም አብሮ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ብዙ ትራንዚስተር በአንድ ቦታ ብታጭቂም የቦታው ሙቀት አይጨምርም። ኢንዱስትሪው 30 ዓመት ገደማ በዚህ ኖረ። 90 ናኖሜትር አካባቢ ግን ነገሩ ተበላሸ። ትራንዚስተር እንደ ቧንቧ ነው፣ ይከፈታል ይዘጋል። በጣም ሲያንስ ዘጋሁት ስትዪውም ያንጠባጥባል። አንድ ጠብታ ምን አላት፣ 125 ሚሊዮን ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ግን ሥራ ሳትሠሪበት ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ይሞቃል። ሲሞቅ ደግሞ ማንጠባጠቡ ይብሳል፣ ያ መልሶ ያሞቀዋል።

በዚያ ላይ ምቱን ማፍጠን ብዙ ጊዜ ቮልቴጅ መጨመርን ይጠይቃል። ሙቀቱ ከምቱ ጋር እኩል ይጨምራል፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በስኩዌር። ምቱንም ቮልቴጁንም በ10 በመቶ ብትጨምሪ ሙቀቱ በ10 አይደለም፣ በ33 በመቶ ነው የሚያድገው። ለ10 በመቶ ፍጥነት 33 በመቶ ሙቀት! ማን ይችለዋል? በጥቅምት 2004 ኢንቴል ባለ 4 ጊጋኸርዙን ፔንቲየም 4 ሰረዝኩ አለ። በዚያው ወር ፍሎሪዳ ውስጥ በተደረገ ጉባኤ የድርጅቱ ዋና ኃላፊ ክሬግ ባሬት መድረክ ላይ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። ነገሩ ግማሹ ቀልድ ነበር፣ ግን ተንበርክኳል።

አሁን ወደ ሳቢያን እንመለስ። ያንቺ 530 ሲሠራ እስከ 84 ዋት ያወጣል፣ ጥፍር ከምታህል ቺፕ ላይ። ፋኑና ሂትሲንኩ (ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠው ክንፋማ ብረት) ሙቀቱን ወደ ቤቱ አየር ይገፉታል። ግን ፋን አየርን አያቀዘቅዝም፣ ያለውን ነው የሚያንቀሳቅሰው። ቤትሽ 22 ዲግሪ ሲሆን ቺፑ በሆነ ልክ ይሞቃል እንበል፤ ቤቱ 36 ሲገባ በዚያው ላይ 14 ዲግሪ ይጨመርበታል፣ ሌላ ሒሳብ የለውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሐረር ደንበኛ እንዲህ ያለ ማሽን ነበረው፣ ጁገል ውስጥ ሁለት ዓመት እንደ ሰዓት ሠራለት። ሥራውን ወደ ድሬ ሲያዛውር ማሽኑ በሳምንቱ መጥፋት ጀመረ። «ቫይረስ ነው» ብለው ሦስቴ ፎርማት አድርገውለታል! ችግሩ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጠው ቁልቁለት ነበር። ደንገጎን ሲወርድ እኛም ጃኬት እናወልቃለን፣ እሱ ምን ያውልቅ?

ፔንቲየም 4 ሲሞቅ ራሱን የሚያድንበት ዘዴ አለው፣ ይሄን አደንቅለታለሁ። የዚያ ዘመን አትሎን ሂትሲንኩ ቢወልቅ ጭሶ ይሞት ነበር። ፔንቲየም 4 ግን አደጋው ሲቃረብ ምቱን በየመሃሉ ያቆማል፦ ይሠራል፣ ያርፋል፣ ይሠራል፣ ያርፋል። ያንቺ መደንዘዝ ይሄ ነው። የሚገርመው፣ በዚህ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ብታዪ 3.0 ነው የሚለው። ግማሹን ሰዓት ተኝቶ 3.0! እንደዚያም ሆኖ ሙቀቱ ካልበረደ ድርግም ይላል። ያ የመጨረሻው መከላከያ ነው፣ ሞቱ አይደለም።

ባለ 1.86ቱ ከየት መጣ ካልሽኝ፣ ከእስራኤል። በሃይፋ ያለው የኢንቴል ቡድን የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ሥራ ተሰጥቶት ነበር። ላፕቶፕ ባትሪ አለው፣ ሙቀት ጭን ላይ ያቃጥላል፣ ስለዚህ እዚያ የፔንቲየም 4 መንገድ አያስኬድም። እነሱ ወደ ኋላ ተመልሰው የፔንቲየም ፕሮን ዘር አነሱና አሻሻሉት። በ2003 ፔንቲየም ኤም ሆኖ ወጣ። ምቱ ዝቅተኛ፣ ሥራው ግን ከባድ ሚዛኖቹን የሚያሳፍር። ትልቁ ወንድም ዴስክቶፑ ላይ ሲቃጠል፣ ታናሹ ላፕቶፕ ውስጥ ዝም ብሎ ያድግ ነበር። ሐምሌ 2006 ላይ ከዚያ ዘር ኮር 2 ዱዎ ወጣ፣ እና የፔንቲየም 4 መንገድ እዚያ ላይ አበቃ።

ያንቺ ኢ6300 ሰልፉ 14 ደረጃ ነው። ግምቱ ሲሳሳት የሚጥለው ከ530 ግማሽ አይሞላም። በአንድ ምት እስከ አራት ትዕዛዝ ይጨርሳል፣ ያኛው እስከ ሦስት ቢሆን ነው፣ እሱም ሲመቸው። ለምሳሌ ያህል ብቻ ሒሳቡን እንሥራው፦ ባለ 3.0ው በአማካይ በምት አንድ ሥራ ቢጨርስ በሰከንድ 3 ቢሊዮን። ባለ 1.86ቱ ሁለት ቢጨርስ 3.72 ቢሊዮን። እሱም በአንዱ ኮር ብቻ፤ ኮር ማለት በአንድ ቺፕ ውስጥ ያለ ራሱን የቻለ ፕሮሰሰር ነው። ሁለት ኮር አለው፣ እና ሁለቱ ተደምረው ጣሪያቸው 65 ዋት ነው።

ስለ ኮር ካነሳን፣ ተጠንቀቂ። በ530ው ላይ ታስክ ማናጀር ስትከፍቺ ሁለት ሣጥን ታያለሽ። ሻጩ «ይሄም ሁለት ኮር ነው» ሊልሽ ይችላል። አይደለም። ሃይፐርትሬዲንግ ይባላል፦ ሰልፉ አንድ ነው፣ ትዕዛዝ ተቀባዮቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ደንበኛ ሲዘገይ የሌላውን ይሠራሉ፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ምጣዱ ያው አንድ ነው።

ሌላው ካሽ ነው። ካሽ ማለት ምስሩና ሊጡ እጅሽ ሥር ሲሆን ነው። እጅሽ ሥር ካጣሽው ባጃጅ ይዘሽ አሸዋ ገበያ መሄድ አለ፣ ያ ሚሞሪው ነው። ኢ6300 2 ሜጋባይት ካሽ አለው፣ 530 1 ሜጋባይት። እና ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፦ ጭብጨባው በፈጠነ ቁጥር የገበያው መንገድ አያጥርም። ሚሞሪው 70 ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ቢወስድ፣ በ3.0 ጊጋኸርዝ 210 ጭብጨባ በከንቱ ሄደ ማለት ነው። በ1.86 ግን 130። ፈጣኑ ባጃጁን ሲጠብቅ የሚያባክነው ይበዛል።

እሺ፣ አሁን ምን ታደርጊያለሽ?

ጽሕፈቱን በኢ6300 ላይ አድርጊ። 64 ቢት ስለሆነ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ከፈቀደ ሚሞሪውን ወደ 4 ጊጋ አሳድጊው፣ ገንዘብ ከተረፈሽ ደግሞ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ፣ የሚሽከረከር ነገር በሌለው ፈጣን ማከማቻ ቀይሪው፤ ከማንኛውም ነገር በላይ ልዩነቱ የሚሰማሽ እሱ ላይ ነው። ዊንዶውስ 11ን ግን እርሺው፣ አዲሶቹ እትሞች በኮር 2 ዱዎ ላይ አይነሱም፣ የሚፈልጉት ትዕዛዝ በውስጡ የለም። 530ው ከዚያም ይብሳል። 64 ቢት አይደለም፣ ዊንዶውስ 10 የግድ የሚለው ኤንኤክስ የሚባል የደህንነት ነገርም የለውም። እዚያው ዊንዶውስ 7 ላይ ይቅር፣ ኢንተርኔት ሳይነካው፣ ለፕሪንተርና ለስካነር። ፍላሽ ስታስገቢበት ብቻ ጥንቃቄ አድርጊ።

530ውን ግን ማታ ላይ ክፈቺው። መጀመሪያ አቧራውን። የእኛ አቧራ የደቻቱ አሸዋ ነው፣ ደቃቅ ነው፣ በሂትሲንኩ ክንፎች መሃል እንደ ጨርቅ ይነጠፋል። ፋኑን በጣትሽ ይዘሽ በብሩሽ ጥረጊው፣ ሳትይዢው አየር እንዳትነፊበት። ቀጥሎ ሂትሲንኩን የያዙትን አራት የፕላስቲክ እግሮች ተመልከቺ። ብዙ ጊዜ አንዱ ከቀዳዳው ወጥቶ ታገኚዋለሽ፣ ሂትሲንኩ በአንድ ጎን ተንጋሎ። ግማሹ የድሬ «ቫይረስ» ያ ነው። ከዚያ ፔስቱ፣ በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መሃል ሙቀት እንዲያሻግር የሚቀባው። 20 ዓመት የሞላው ፔስት ደርቆ ኖራ ሆኗል። ጥረጊውና አዲስ አድርጊ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ይበቃል። የጥርስ ሳሙና የሚቀባ ሰው አለ፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ እባክሽ አንቺ እንዳትሆኚ። በመጨረሻ ፕሮሰሰሩ ዙሪያ የቆሙትን ካፓሲተሮች፣ ትንንሽ ጣሳ የሚመስሉትን እዪ፣ አናታቸው ያበጠ ካለ ፔስት ብትቀይሪም አይድንም፣ ካፓሲተሩ መቀየር አለበት።

አንድ ፈተና የሚሆን ሐሳብም አለ። ሁለቱም ፕሮሰሰሮች በአንድ ዓይነት ሶኬት ነው የሚቀመጡት፣ 775 በሚባለው። ስለዚህ ነገ አንድ ሰው «ፔንቲየሙን አውጥተን ሌላ ኮር 2 እንክተትበት» ሊልሽ ይችላል። ይገባል፣ ግን ገባ ማለት ሠራ ማለት አይደለም። የማዘርቦርዱ ቺፕሴት፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ከሌላው ክፍል ጋር የሚያገናኘው ቺፕ መፍቀድ አለበት። 965፣ ጂ31 ወይም ጂ41 ከሆነ ተስፋ አለ። 915 ከሆነ ተዪው። 945 ከሆነ እንደ ቦርዱ ነው፣ አንዳንዱ ይቀበላል አንዳንዱ አይቀበልም። የዚህ ሶኬት መርፌዎች ደግሞ ፕሮሰሰሩ ላይ ሳይሆኑ ቦርዱ ላይ ናቸው፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ፣ አንዷን ካጎበጥሽ ቦርዱ አበቃለት። ስለዚህ በጣትሽም በጨርቅም እንዳትነኪያቸው።

ለሻጩ የጨመርሽውን ብር ስለማስመለስ የምመክርሽ ነገር የለኝም፣ እሱ የንግድ ጉዳይ ነው። ሁለቱንም ማሽን ጎን ለጎን አስነሥተሽ፣ ያው ፋይል ከፍተሽ፣ በስምንት ሰዓት ብታሳዪው ግን ደስ ይለኛል።

የማዘርቦርዱን ስም ፕሮሰሰሩ አጠገብ በትልቁ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝና ኮር 2 ይቀበል አይቀበል እነግርሻለሁ። ከአሥር ሰዓት በፊት ግን መልስ አትጠብቂ፣ እኔም እንደ 530ው ነኝ።